ይቺ ሰይቼንቶ እውነት አባርት ናት? የድሮ ስፖርት መኪና ኦሪጅናልነት እንዴት ይጣራል

ፒያሳ፣ ከኮሪደር ልማቱ በተረፈው በኩል፣ አንድ የቆየ ግቢ ውስጥ ሸራ የለበሰች መኪና ቆማለች። ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ በጠዋት ደውሎ "ቶሎ ድረስ፣ አባርት አግኝቻለሁ!" አለኝ። ስደርስ ሸራው ተነስቷል። ክሬም ቀለም የተቀባች ሰይቼንቶ፣ ትንሿ የፊያት መኪና ናት። አፍንጫዋ ላይ ጊንጥ ያለበት፣ የጋሻ ቅርጽ ያለው የአባርት ምልክት ተለጥፏል። የተጠራው ዋጋ የሰይቼንቶ አይደለም፤ የጊንጡ ነው።

ወዳጄ ልቡ ጠፍቷል። እኔ ግን ብቻዬን አልሄድኩም። ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ መካኒክ ይዤ ነበር። "ጋሼ" ነው የምንላቸው። በኪሳቸው ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት ይዘው ነው የሚዞሩት።

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሰሞኑን የሚደጋገመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ከውጭ አዲስ የሚገባ ከሌለ፣ በየግቢው ሸራ ለብሶ የቆመው አሮጌ መኪና ሌላ ዓይን ያርፍበታል። "ኦሪጅናል" የሚለው ቃልም አብሮ ይመዘዛል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደሚጣራ፣ በዚችው ሰይቼንቶ እያሳየሁ ላስረዳ። የመኪናዎቹን ዓመተ ምሕረት የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

አባርት ማነው? ከሰይቼንቶስ ምን አገናኘው?

ሰይቼንቶ በጣልያንኛ "ስድስት መቶ" ማለት ነው። ፊያት 600 በ1955 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ ታየች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሲሊንደሮቹ ይዘት 633 ሲሲ (ሴንቲ ሜትር ኪዩብ) ብቻ። በ1960 የመጣችው 600ዲ ወደ 767 ሲሲ አደገች። ጉልበቷም 29 የፈረስ ጉልበት ገደማ ደረሰ። እኛ ከተማ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆና ስንቱን እንዳመላለሰች ትልልቆቹን ጠይቁ።

አባርት ደግሞ የሰው ስም ነው። ካርሎ አባርት በ1908 ቪየና ተወለደ። በ1949 ጣልያን ውስጥ በስሙ ድርጅት አቋቋመ። ጊንጡ የልደት ኮከቡ ነው፣ እኛ አቅራብ የምንለው። ድርጅቱ ብዙ እንጀራ የበላው በማርሚታ ሽያጭ ነው። ስሙን የተከለው ግን የፊያትን ትንንሽ መኪናዎች ወስዶ ለውድድር በማሰናዳት ነው። ከሰይቼንቶ 850 ቲሲን ሠራ፤ 847 ሲሲ፣ 52 የፈረስ ጉልበት። ቀጥሎ 982 ሲሲ ያላት 1000 ቲሲ መጣች። እነዚህ ሚጢጢዎች የኋላ የሞተር ክዳናቸውን እንደከፈቱ ሲሮጡ የሚያሳዩ ፎቶዎች ዛሬም ያስቃሉ። ሞተሩ አየር እንዲያገኝ ነበር። በ1971 ፊያት ድርጅቱን ጠቀለለው።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የ850 ቲሲ አካል ያው የሰይቼንቶ አካል ነው። ሻንሲዋ ላይ የተመታው ቁጥር እንኳ እንደማንኛዋም 600ዲ "100ዲ" ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ "ሻንሲ ቁጥሩን አይቻለሁ፣ ትክክል ነው" የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል። እውነቱ ግን ምንም አላረጋገጠም።

"ቀላል" መኪና የሚባለው ለምንድን ነው?

ከቸርችል ጎዳና ታች ተነስቶ እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለውን ዳገት አስቡት። አንዱ ባዶ እጁን ይወጣል፣ ሌላው ኩንታል ተሸክሞ። ጉልበታቸው እኩል ቢሆንም እኩል አይደርሱም። መኪናም እንደዚያው ነው። ክብደት ሲቀንስ ያው ሞተር ፈጥኖ ያስነሳል፣ ያው ፍሬን ፈጥኖ ያቆማል፣ ኩርባ ላይም መኪናው አይንገዳገድም።

ፋብሪካዎች እነዚህን ቀላል መኪናዎች ለሕዝብ የሸጡት አዝነውልን አይደለም። የውድድር ሕግ አስገድዷቸው ነው። አንድ ሞዴል በአንድ ምድብ ለመወዳደር ከተወሰነ ቁጥር በላይ መመረት ነበረበት። ሆሞሎጌሽን የሚባለው ይኸው ነው። ፖርሽ 911 ካሬራ አርኤስ 2.7ን ሲያወጣ 500 መሥራት ይበቃው ነበር። ገበያው ወደዳትና 1,580 ተሠሩ። ከእነሱ ውስጥ ቀላሏ ዓይነት 200 ብቻ ናት። ላሜራዋ ሳስቷል፣ መስታወቷ ቀጥኗል፣ የኋላ ወንበሯ ተነስቷል፣ ሰዓቷ እንኳ ተነቅሏል።

አጭበርባሪውን የሚጠቅመውም ይሄ ነው። ቅንጡ መኪና አስመስሎ ለመሥራት ቆዳውንም እንጨቱንም መግዛት ግድ ይላል። ቀላል መኪና ለማስመሰል ግን መንቀል ይበቃል። ወንበር ንቀል፣ ምንጣፍ ንቀል፣ ምልክት ለጥፍ፣ አለቀ። የእነዚህ መኪናዎች ዋጋ ያለው በሌላቸው ነገር ላይ ነው። የሌለ ነገር ደግሞ ለማጣራት ያስቸግራል። ስለዚህ አጣሪው የሚፈልገው ዱካ ነው፦ የተደፈነ የቡሎን ቀዳዳ፣ የወንበር ማሰሪያ የነበረበት ቦታ፣ ኋላ ላይ የተቆረጠ የኤሌክትሪክ ገመድ። ከፋብሪካ ሳይገጠምለት የወጣ መኪና መጀመሪያውኑ ቀዳዳ የለውም። የተነቀለበት ግን አለው።

ኦሪጅናል የሚባለውስ የትኛው ነው?

ገበያ ላይ ቃሉ ለሁሉም ነገር ይውላል። ያልተቀየረም ኦሪጅናል፣ አምሮ የተቀባም ኦሪጅናል። ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች ግን ይለያዩታል።

አንደኛው ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ነው። ቀለሙ ቢላላጥም፣ ወንበሩ ቢቀደድም፣ የራሱ ነው። ሁለተኛው የታደሰ ነው፤ ማንነቱ እውነተኛ ሆኖ ዕቃው ተለዋውጧል፣ ቀለሙ ተቀብቷል። ሦስተኛው ቅጂ ነው፣ ሪፕሊካ የሚሉት። ተራው ሞዴል የታላቁን ልብስ ለብሶ ነው። ቅጂ መሆን ነውር አይደለም፤ ነውሩ ቅጂውን በኦሪጅናል ዋጋ መሸጥ ነው። ከሁለት የተጋጩ መኪናዎች ተቆርጦ የተቀጠለም አለ። እሱን ከመኪና ባልቆጥረው ደስ ይለኛል።

በአባርት ላይ አንድ ሌላ ዓይነት ይጨመራል። አባርት የመቀየሪያ ዕቃዎችን በሣጥን እያደረገ ይሸጥ ነበር። ሰውዬው ተራ ሰይቼንቶ ይገዛል፣ ሣጥኑን ያዛል፣ የሰፈሩ መካኒክ ይገጥምለታል። እንዲህ ያለችው መኪና ከፋብሪካ የወጣች አባርት አይደለችም። ውሸትም ግን አይደለችም፤ ዕቃው የአባርት ነው፣ ዘመኑም የራሱ ነው። ዋጋዋ መሐል ላይ ይቀመጣል። ወዳጄ ይሄን ሲሰማ "እሷ ትሆን ይሆናል" ብሎ ተስፋ አደረገ።

ሊብሬው ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?

ሊብሬ የሚናገረው መኪናዋ የማን እንደሆነች ነው። ሻንሲ ቁጥር፣ ሞተር ቁጥር፣ የሥሪት ዘመን፣ ቀለም አለበት። "ይቺ የውድድር ሞዴል ናት" የሚል ቦታ ግን የለውም። መዝጋቢው "ፊያት" ብሎ ካለፈ፣ ፊያት ናት።

በዚያ ላይ የእኛ የዘመን አቆጣጠር አለ። አሮጌ ወረቀት ላይ 1958 የሚል ካያችሁ ቆም በሉ። የፈረንጅ 1958 ነው ወይስ የእኛ? በእኛ ከሆነ መኪናዋ የ1965 ወይም የ1966 ልጅ ናት። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ለማርቼዲስ አውቶብስ ምንም ላይሆን ይችላል። ሞዴሉ በየሁለት ዓመቱ ለሚቀያየር ስፖርት መኪና ግን ሌላ መኪና ማለት ነው። የዚችም ሊብሬ እንዲህ ዓይነት ነበር። ሻጩ፣ የባለቤቷ የወንድም ልጅ፣ "የ61 ሞዴል ናት" አለ በሙሉ አፉ።

ሊብሬ አይጠቅምም እያልኩ እንዳይመስልብኝ። ሊብሬው ላይ ያለው ሁለት ቁጥርና መኪናዋ ላይ ያለው ሁለት ቁጥር ካልገጠመ፣ ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው ይብቃችሁ። ሞተር ተቀይሮ መዝገቡ ላይ ሳይስተካከል የቀረ መኪና ብዙ ነው። የስርቆት ላይሆን ይችላል፤ ጣጣው ግን ለገዢው ይተርፋል።

ታዲያ በምን ይታወቃል?

ጋሼ መጀመሪያ ጊንጡን አላዩም። ሞተሩንም አላስከፈቱም። በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ። ከዚያ ሻጩን ቀና ብለው አዩትና "ስልሳ አንድ ነው ያልከኝ?" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ ሰይቼንቶዎች በር ማጠፊያው ከኋላ፣ እጀታው ከፊት ነበር። ወደ ውስጥ ስትገባ በሩ እንደ ቁምሳጥን ከፊት በኩል ይከፈታል። ፊያት ይሄን የለወጠው በ1964 ነው። ከዚያ ወዲህ ማጠፊያው እንደማንኛውም መኪና ወደ ፊት ሄደ። የዚችኛዋ ማጠፊያ ከፊት ነው። ስለዚህ የ1961 ልጅ ልትሆን አትችልም። ሻጩ የጠራው ዘመን በበር ማጠፊያ ብቻ ወደቀ። ይሄ አባርት አይደለችም ማለት አይደለም፤ ከ1964 በኋላም አባርቶች ተሠርተዋል። ሻጩ የሚያወራው ታሪክና ላሜራው የሚያወራው ታሪክ እንደማይገጥሙ ግን አሳየ።

ቀጥሎ ሻንሲ ቁጥሩ። ጋሼ ቅባቱን በቤንዚን ጨርቅ ጠርገው ወረቀት ለጠፉበት፣ በእርሳስ ሸካሸኩት። ፊደሎቹ በወረቀቱ ላይ ወጡ፤ 100ዲ፣ ከዚያ ተከታይ ቁጥሮች። የሚታየው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። አሃዞቹ አንድ መስመር ላይ ናቸው ወይ? ጥልቀታቸው እኩል ነው? ዙሪያው በብረት መፍጫ ሞላ ተፍቋል? ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ነው? ቁጥር የጠፋበት ብረት በሞላ ሲፋቅ ይሳሳል፣ ዳርና ዳሩም የፍቀት መስመር ይቀራል። የዚችኛዋ ንጹህ ነበር። ማንም አልነካውም።

ሦስተኛው ማግኔቷ ናት። ጋሼ በመሐረብ ጠቅልለው ላሜራው ላይ ያስሄዷታል። ብረት ባለበት ትይዛለች። ስቱኮ በወፍራሙ በተለሰነበት ትወድቃለች። በግራው ፓራፋንጎ ላይ ወደቀች፣ ከበሩም በታች ወደቀች። ባትላሜራው ብረቱን ከማቅናት ይልቅ ስቱኮ ሞልቶ አልፎታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያቺው ማግኔት በሌላ መኪና ላይ ተቃራኒውን ትናገራለች። አልፋ ሮሚዮ በ1965 ጂቲኤ የሚባል መኪና አወጣ። የመጨረሻው ፊደል "አሌጄሪታ" የሚለው ቃል ምህጻር ነው፤ ክብደቷ የተቀነሰ ማለት። የውጭ ላሜራዋ አሉሚኒየም ነው፣ ውስጣዊ አጽሟ ብረት። እውነተኛዋ ላይ ማግኔቱ በሩንና ኮፋኖውን አይዝም። ወለሉን ይይዛል። ኮፋኖው ላይ ጥብቅ ካለ እሷ ተራዋ እህቷ ናት። ሞተሯም በአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ በድምሩ ስምንት ካንዴላ አላት። ስለዚህ "ማግኔት ካልያዘ መጥፎ ነው" የሚለውን የጋራዥ ሕግ ይዞ ጂቲኤ ሊገዛ የሄደ ሰው፣ እውነተኛዋን ጥሎ ቅጂዋን ይዞ ይመጣል። መሣሪያውን ከመያዝ በፊት ሞዴሉን ማወቅ ይቀድማል።

አራተኛው ሞተሩ ነው፤ የሰይቼንቶን ጉዳይ የሚቆርጠውም እሱ ነው። ሲሲ የሚለካው በሁለት ነገር ነው፦ በሲሊንደሩ ስፋትና ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ በሚጓዘው ርቀት። በ600ዲ ስፋቱ 62፣ ጉዞው 63.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ850 ቲሲ ስፋቱ 62.5፣ ጉዞው 69 ነው። ስፋቱን አትመኑ። አንድ ጊዜ ሬቲፊካ የገባ፣ ማለት ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ የታደሰ ተራ ሞተር በግማሽ ሚሊ መስፋቱ አያስገርምም። ጉዞው ግን ሬቲፊካ አይቀይረውም። እሱን ለመቀየር ሌላ ክራንክ ሻፍት፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ ያስፈልጋል። ተመሳስሎ መጥቶ ክራንክ ሻፍቱ ላይ የሚያዝ ሰው ብዙ ነው፤ ከውጭ አይታይማ።

ሻጩ ቴስታታው፣ ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ እንዲወርድ ፈቀደ። በራሱ ተማምኖ ይሁን አላውቅም። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰን ስንሄድ ጋሼ ካሊብሮውን፣ የሚሊ ሜትር መለኪያቸውን፣ ፒስተኑ ላይ አቆሙ፣ ሞተሩን በእጅ አዞሩ። አንዴ፣ ሁለቴ ለኩ። ከዚያ ቁጥሩን ለወዳጄ አሳዩት። ስልሳ ሦስት ተኩል።

የተቀየረ ዕቃ ካለ ውሸት ነው ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ የውጭ አገር መመሪያ እንዳለ ይዞ መምጣት ያሳስታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ያለ ተርቦ እዚህ ሲሠራ ከባሕር ዳርቻ ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ለጣልያን አየር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ጎበዝ መካኒክ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያጠበዋል። ይሄ ኦሪጅናሉን ማበላሸት ሳይሆን መኪናውን ማስኬድ ነው።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ዕቃ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የተገኘው ይገጠማል። የፊያት 124 ባለቤቶች የላዳ ዕቃ አስገብተዋል፤ ላዳ የተቀዳችው ከእሷው ከ124 ስለሆነ ብዙው ይገባል። ለዚህ ነው አንዳንዷን 124 ኋላ ጎማዋ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ማየት ያለባችሁ። የፊያቷ የኋላ ፍሬን ዲስክ ነው፣ የላዳዋ ከበሮ። ከበሮ ካገኛችሁ ውሸታም አግኝታችኋል ማለት ላይሆን ይችላል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያለውን ገዝቶ የመጣ ምስኪን ሰው ታሪክ ነው። ዋጋው ላይ ግን ይነገር።

ደጉ ነገር ደግሞ፣ መንገዳችን ላይ ጨው አይበተንም። አውሮፓ ውስጥ ክረምት በመጣ ቁጥር ለበረዶ የሚበተነው ጨው የዚህን ዘመን መኪና ከሥሩ በልቶ ጨርሶታል። እዚህ ወለሏ የራሷ የሆነ መኪና ማግኘት ብርቅ አይደለም።

የመጨረሻውን ቃል ማን ይሰጣል?

የፊያት፣ የአባርትና የአልፋ ሮሚዮ መዛግብት ዛሬ በስቴላንቲስ ሥር ናቸው። የቅርስ ክፍሉ ቱሪን ነው። ሻንሲ ቁጥርና ፎቶ ሲላክለት መዝገቡን አይቶ የትውልድ ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ መቼ እንደተሠራች፣ በምን ቀለም እንደወጣች። በገንዘብ ነው። ትልቅ ገንዘብ ሊወጣባት ለተቃረበ መኪና ግን ከመግዛት በፊት የሚወጣ ርካሽ ወጪ ነው። የእንግሊዞቹንም የጀርመኖቹንም እንዲሁ ከየፋብሪካው መጠየቅ ይቻላል።

ቱሪን ከመድረሳችን በፊት የእኛ ጉዳይ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ አለቀ። ጋሼ ቴስታታውን መልሰው እየገጠሙ ነው። ወዳጄ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። እኔ የቀኙን በር ጎማ በጣቴ አላቅቄ ሥሩ ያለውን ቀለም በቁልፍ ጫር አደረግሁት። ክሬሙ ተነሳ። ከሥሩ ግራጫ። ከግራጫው ሥር ነጭ መጣ። ወረድ ብዬ ከበሩ ታች ስጭር ደግሞ ሰማያዊ።

የቤቱ ባለቤት፣ ሰባ ያለፋቸው እናት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ነበር።

"እማማ፣ ይቺ መኪና ሰማያዊ ነበረች እንዴ?" አልኳቸው።

"ታክሲ ነበረቻ!" አሉ። "ባሌ ከፒያሳ አራት ኪሎ በስሙኒ ሲያመላልስባት የኖረ ነው።" ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞረው "ምን ብለህ ነው የምትሸጥላቸው አንተ?" አሉት።

ልጁ አንገቱን አቀረቀረ። ጊንጡን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅነውም። ወዳጄ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና "እሺ እማማ፣ ለታክሲዋስ ስንት ይሉኛል?" አለ።